ትንሹን ካገኘሁ

ክፍሉ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ቀድሞ አፍንጫዬን የሞላው ያረጀ የሲሚንቶ አቧራ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሽታ ይመጣል። ኮልፌ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ የቆሼ ሽታ አዲስ አልሆነብኝም። እንዲያውም ከቤቴ ብዙ እንዳልራቅኩ የነገረኝ እሱ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ኖራ እየተቀረፈ ይወርዳል። አሥር ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ያስገባኝ ፖሊስ በጣቱ ቆጠረንና «አሥራ አንድ» ብሎ በሩን ዘጋው።

ይህን ስሰማ፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ሳቄ መጣ። የዚያን ዕለት ከእጄ የተወሰደው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ አሥራ አንድ አንዶች ተደርድረው ነበርና።

11111111111።

የሒሳብ መምህር ነኝ። የታሰርኩት ግን በሒሳብ አልነበረም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት የታሪክ መምህርት ተማሪ ለጠየቃት ጥያቄ በሰጠችው መልስ ከሥራ ታገደች። ሦስት መምህራን ተቀምጠን «ትመለስ» የሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ስማችንን አላሰፈርንም፤ «መምህራኑ» ብለን ጨረስነው። በሳምንቱ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኜን ያዙ። ደብዳቤው የተጻፈው በእኔ ኮምፒውተር ስለነበር እኔን ማግኘት አልከበዳቸውም። የቀሩትን ሁለቱን ግን አላወቋቸውም። አንዱ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሌላው በዚያን ጊዜ እናቱን ዘነበወርቅ ሕክምና ያመላልስ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው የእነሱ ስም መሆኑን ገና ታክሲ ሰልፉ ላይ ገብቶኛል። ጀግና ነኝ አልልም። ግን ስማቸውን ላልናገር ወስኜ ነበር።

አሁን ስለ ደብተሩ ልናገር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ቁጥሮች ውስጥ ከአንድ እና ከራሱ በቀር ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል አለ። ሰባት እንደዚያ ነው፣ አሥራ ሦስትም እንደዚያ ነው። በአማርኛ «ብቸኛ ቁጥር» እንለዋለን። ብቸኛ ያልሆነው ደግሞ ሌሎች ቁጥሮች ተባዝተው የወለዱት ነው፤ እነዚያን «አባዢዎቹ» እንላቸዋለን። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ በአንዶች ብቻ የሚጻፉ ቁጥሮች አባዜ አለብኝ። 111 ሦስት ጊዜ 37 ነው። 1111 አሥራ አንድ ጊዜ 101 ነው። 11111 ደግሞ 41 ጊዜ 271። እንዲህ እያልኩ በእጄ እየፈታሁ አሥራ አንደኛው ላይ ደረስኩና ተገተርኩ። ስልኬ በሰከንድ እንደምትፈታው አውቃለሁ። ባለቤቴም ይህንኑ እያለች ስትስቅብኝ ኖራለች። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ በእጄ ካልሆነ አልፈልግም አልኩ።

ከመታሰሬ ከጥቂት ቀናት በፊት ቁጥሩ ብቸኛ መሆን አለመሆኑን የሚፈትን ረጅም ስሌት ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ቁጥሩ ፈተናውን ወደቀ። ደስ ብሎኝ ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ይህ ብቸኛ አይደለም። ከኋላው ቢያንስ ሁለት አሉ። እስካሁን ተደብቀዋል። ትንሹን ካገኘሁ ትልቁ ራሱ ይመጣል።»

ለሒሳብ መምህር ይህ ምንም ነውር የሌለበት ጽሑፍ ነው።

መርማሪው ፊት የቀረብኩት በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። ጥግ ላይ ቃል የሚጽፍ ሌላ ፖሊስ ተቀምጧል። መርማሪው አልጮኸም።

«ደብዳቤውን ከማን ጋር ጻፍከው?»

«ብቻዬን።»

«ብቻህን?»

«አዎ፣ ብቻዬን።»

ከመሳቢያው ደብተሬን አወጣ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እያጣጣመ አነበበልኝ። «ይህ ብቸኛ አይደለም። ከኋላው ቢያንስ ሁለት አሉ።» ቀና ብሎ አየኝና ቀጠለ። «እስካሁን ተደብቀዋል። ትንሹን ካገኘሁ...»

ክው አልኩ። ሰውየው ስለ ደብተሩ ፍጹም ተሳስቷል፤ ስለ እውነታው ግን ልክ ነበር። ከኋላዬ በእርግጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

«ስለ ቁጥሩ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«የምን ቁጥር ነው? ስልክ እንዳልል አንድ ይበዛል።»

«ቁጥር ነው፣ በቃ። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ነው። ሁለቱን ገና አላገኘኋቸውም።»

«እነማን እንደሆኑ ሳታውቅ መኖራቸውን እንዴት አወቅክ?»

እውነቱን ለመናገር፣ በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። ተማሪ ጠይቆኝ ቢሆን ከክፍሉ ፊት አስነስቼ አስጨበጭብለት ነበር።

«ብቸኛ ቁጥር የሚያልፈው ፈተና አለ። ይሄኛው ወደቀ። ፈተናው አባዢዎች እንዳሉት ይናገራል፤ እነማን እንደሆኑ ግን አይናገርም።»

«አባዢዎች» አለና ለጸሐፊው በአገጩ ምልክት ሰጠው። ጸሐፊው ጻፈ። ሁለቱም ቃሉን «ነገር አባባሽ፣ ሰው አነሳሽ» በሚል ትርጉም እንደሰሙት ከፊታቸው ታየኝ።

«ስልኬን ይስጡኝ፤ በአንድ ደቂቃ አሳይዎታለሁ።»

«ለማን ልትደውል?»

መርማሪው ደብተሩን ዘጋው።

«ስማ መምህር፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ሁለቱን አምጣ። ቁጥር ናቸው ካልክ ቁጥሮቹን ታመጣለህ፤ እኔም አምንሃለሁ፣ ይሄው በሰው ፊት ተናገርኩ። ካላመጣህ ግን ሁለት ሰው ከትምህርት ቤታችሁ እኔው እመርጣለሁ። ብዙ አልቸገርም። ዕረፍት ላይ ሻይ አብረውህ የሚጠጡ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ነግረውኛል።»

ደብዳቤውን አብረውኝ የጻፉት እነሱ ነበሩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ ሀጂ ግን አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሀጂ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከቤታቸው የሚመጣው ምግብ የሁላችንም ነበር፤ ቃላቸውም እንዲሁ። የሆነውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ የቁጥሩን ንገረን። የሰዎቹን አትንገረን።»

«ሰዎች የሉም፣ ሀጂ።»

«የሉም። እኛም የሉም ነው የምናውቀው። በል ቁጥሩን።»

ነገርኳቸው። ከግድግዳው ላይ የወደቀች ኖራ አንስቼ አረንጓዴው ቀለም ላይ አሥራ አንዱን አንዶች ጻፍኩ። ጥሩ ሰሌዳ ነበር፤ ከትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ይሻል ነበር ብል አላጋነንኩም። የዚህ ቁጥር አባዢ የሆነ ሁሉ አንድ ምልክት እንዳለው አስረዳሁ፦ ለሃያ ሁለት ሲካፈል ቀሪው አንድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቁጥር መሞከር የለብንም። ከሃያ ሦስት ተነስተን ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት እየጨመርን እንሄዳለን፤ 23፣ 45፣ 67፣ 89 እያልን።

«ለምን ሃያ ሁለት?» አሉ ሀጂ። ነጋዴ ናቸው፣ ያልገባቸውን አይቀበሉም።

«አንዶቹ አሥራ አንድ ስለሆኑ ነው። አባዢዎቹ ደግሞ ጎዶሎ ስለሆኑ እጥፍ ይሆናል።»

«እሺ። እስከ ስንት ነው የምንሄደው?»

«ትንሹ ከመቶ አምስት ሺህ ብዙ አያልፍም።»

ከእስረኞቹ አንዱ፣ ከአየር ጤና ቤቴል የሚሠራ የታክሲ ሹፌር፣ ሳቀ። «መምህር፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አካፍዬ አላውቅም። የማውቀው ማካፈል አንድ ነው፤ አራት ሰው ለሦስት ወንበር። እሱም ቀሪ የለውም።»

ሁሉም ሳቀ። ከተያዝኩ ጀምሮ እኔም ያን ጊዜ ነው ከልቤ የሳቅኩት።

በዚያው ከሰዓት ሥራ ጀመርን። ያለ ጥቅም የሚያደክሙንን ቁጥሮች አስቀድሞ የሚጥል ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በአምስት የሚያልቁትን፣ ለሦስትና ለሰባት የሚካፈሉትን። ከጥግ አንድ ዝምተኛ ሰው እጁን አወጣ። ቆሼ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለየ የሚኖር ሰው ነው፤ ለምን እንደታሰረ እስካሁን የነገረው የለም። «መለየት የኔ ሥራ ነው» አለ። ለሦስት የሚካፈል ቁጥር አኃዞቹ ሲደመሩ ለሦስት እንደሚካፈሉ አንዴ አሳየሁት፤ ሁለተኛ አላስደገመኝም። ግድግዳውን ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል የሚሞከሩትን ጻፈ፣ በቀኝ በኩል የሚጣሉትን። ከግራው እያነሳን ስድስት ሰዎች ወለሉ ላይ እናካፍላለን። ሀጂ በቃላቸው ያረጋግጣሉ። አንድ ሰው ሲጨርስ «ቀሪ አለው!» ብሎ ይጮሃል፣ ቁጥሩ ይሰረዛል፣ ቀጣዩ ይነሳል።

ሦስተኛው ቀን ላይ «ቀሪ አለው» ሰላምታችን ሆነ። ጠዋት ስንነሳ «እንዴት አደርክ?» ሲሉህ «ቀሪ አለው» ትላለህ።

ፖሊሱ ምግብ ሲያስገባ ግድግዳውን አይቶ ደነገጠ። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ቀን እየቆጠርን ነው» አለው ሹፌሩ።

«ይሄን ሁሉ ቀን?»

«ምን እናድርግ፣ አያያዛችሁን አይተን ነው።»

ፖሊሱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠና ወጣ። ግድግዳውን አጥፉ አላለንም፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ጥሩ አስተማሪ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ እዚያ ግን ክፉ ጠባዬ ወጣ። ሹፌሩ ሲቀንስ መበደር በረሳ ቁጥር እጮህበት ነበር። አንድ ቀን ሀጂ «መምህር» አሉኝ በለሆሳስ፣ «መታሰሩ አንሶን ነው የምትቆጣን?» አፈርኩ። ሹፌሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱም «ችግር የለም፣ ትራፊክ ፖሊስ ካንተ ይብሳል» አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት የቆሼውን ሰው ለአሻራ ጠርተው ወሰዱት። ሥራው እንዳይቆም ብዬ እስኪመለስ የእሱን ቦታ እኔ ያዝኩ፤ ከሃያ ሺህ በላይ ያሉትን አንድ ሁለት መቶ ቁጥሮች እየደመርኩ ግራና ቀኝ አከፋፈልኳቸው። ለአንድ የሒሳብ መምህር ይህ ምንድን ነው? ከሰው ጋር እያወራሁ ነው የሠራሁት።

እሑድ ማታ ሳይመሽ ሃያ አራት ሺህ ደረስን። ወደ አምስት መቶ ገደማ ቁጥሮች ሞክረን ሁሉም ቀሪ ነበራቸው። ከፊታችን ሰማንያ ሺህ ቀርቷል። ጠዋት ይጠሩኛል። የማካፈሉ ጩኸት ቀስ በቀስ ቆመ፤ ማንም «ይብቃን» አላለም፤ ግን ኖራዎቹ ከእጅ እየወረዱ ወለሉ ላይ ቀሩ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ አንዱን ስም ብሰጥ ሌላው ይተርፍ ይሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እናቱን የሚያመላልሰው ይቅር፣ ወይስ ልጆች ያሉት ይቅር? ይህን ዛሬ የምጽፈው ስለማፍርበት ነው። ሁለት ጓደኞቼን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ነበር።

ሰኞ ገና እንደነጋ የቆሼው ሰው ተነስቶ በቀኝ በኩል ያለው ግድግዳ ፊት ቆመ።

«መምህር፣ የተጣለውን ላየው ነው።»

«የተጣለ ተጥሏል» አልኩት፤ ድምፄ ቁጣ ነበረበት። «ይሄ ሒሳብ ነው።»

«ቆሼ ላይ ክምር አንዴ ተለይቶ አይተውም። መጀመሪያ የለየው ሰው ደክሞት ይሆናል፣ ወሬ ይዞት ይሆናል። እኛ ሁለተኛ ሳናየው አንሄድም።»

ፈቃዴን አልጠበቀም። ጣቱን ቁጥሮቹ ላይ እያሳረፈ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከላይ ወደ ታች መደመር ጀመረ። ረጅም ጊዜ ሄደ። ውጭ የፖሊሶቹ የጠዋት ጥሪ ተሰማ። ሀጂ ጸሎታቸውን ጨርሰው ቀና ሲሉ የሰውየው ጣት አንድ ቦታ ላይ ቆሟል።

«ይሄን ማን ጣለው?»

የእኔ ጽሑፍ ነው። 21649።

«ለሦስት ይካፈላል፤ ድምሩ ሃያ አንድ ነው» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

«ሁለትና አንድ ሦስት። ስድስት ሲጨመር ዘጠኝ። አራት፣ አሥራ ሦስት። ዘጠኝ...» ዞሮ አየኝ። «ሃያ ሁለት ነው፣ መምህር።»

ተነሳሁ። ደመርኩት። ሃያ ሁለት ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው አምስት አኃዞች መደመር አቅቶኝ ነበር! ሹፌሩ ቀድሞ ኖራ አነሳ፤ «አንተ አካፍል» ብዬ አጠገቡ ተንበረከክኩ፤ የእኔን እጅ አላመንኩትም። ሁሉም ከበበን።

አምስት ጊዜ ይደርሳል፤ ቀሪው 2866። አንድ አውርድ። አንድ ጊዜ፤ ቀሪው 7012። አውርድ። ሦስት ጊዜ። ሀጂ ከላያችን ሆነው እያንዳንዱን «ልክ ነው» ይላሉ። አውርድ። ሁለት ጊዜ፤ ቀሪው 8443። አውርድ። ሦስት ጊዜ፤ ቀሪው 19484። የቀረው አንድ አንድ ብቻ ነው። ሹፌሩ አወረደው፤ 194841 ሆነ።

«ዘጠኝ ጊዜ ይሞከር» አልኩ በሹክሹክታ።

ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ሰማንያ አንድ፤ አንዱን ጻፈ፣ ስምንቱን ያዘ። ሠላሳ ስድስት፣ ከስምንት ጋር አርባ አራት። ሃምሳ አራት፣ ከአራት ጋር ሃምሳ ስምንት። ዘጠኝ፣ ከአምስት ጋር አሥራ አራት። አሥራ ስምንት፣ ከአንድ ጋር አሥራ ዘጠኝ። ከታች የጻፈውን ከላይ ካለው ጋር አስተያየው። 194841። ከላይም 194841።

ሹፌሩ ብድግ ብሎ፣ መጋዘኑ እስኪንቀጠቀጥ፣ «ቀሪ የለውም!» ብሎ ጮኸ። አሥራ አንድ ሰዎች ተቃቀፍን። አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ሀጂ የቆሼውን ሰው ግንባሩን ሳሙት። እሱ ብቻ ተረጋግቶ ነበር። ከቀኙ ግድግዳ ላይ 21649ን በእጅጌው አጥፍቶ ወደ ግራው ሄዶ አስተካክሎ ጻፈው።

በሩ ተከፈተ። «መምህር፣ ና!» ኮሪደሩ ላይ ስሄድ ከኋላዬ አሥር ሰዎች ትልቁን ቁጥር እንዳልረሳው እየጮሁ ይነግሩኝ ነበር፦ «513239!»

መርማሪው ብዕርና ወረቀት ሰጠኝ። ጻፍኩለት። ስልኩን አውጥቶ ራሱ አባዛው። ያየውን ነገር በብዕሩ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ። አጠፋውና እንደገና አባዛው። ጸሐፊው ከወንበሩ ተነስቶ በትከሻው ላይ ሊያይ መጣ።

«በእጃችሁ ነው ያገኛችሁት?»

«በእጃችን።»

«ከእነዚህስ ኋላ ማን አለ?» አለ፤ ግን አሁን ድምፁ የመርማሪ አልነበረም።

«ማንም የለም። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። መስመሩ እዚህ ያበቃል።»

ከእነሱ ኋላ ሊኖር የሚችለውን ቁጥር ሁሉ ስለሞከርነው ይህን በሙሉ ልብ ማለት እችል ነበር። ሒሳብ ላይ አልዋሸሁም። መርማሪው ሞኝ ሰው አይደለም፤ ቁጥሩ ስለ ደብዳቤው ምንም እንደማይናገር ያውቃል። ግን በሰው ፊት ቃል ሰጥቷል፣ ያ ሰው ደግሞ አጠገቡ ቆሟል።

ጸሐፊው የተተየበውን ቃል አመጣልኝ። አነበብኩት። «ሁለት ግብረ አበሮቹን ገልጿል» ይላል።

«አልፈርምም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ቃሉ ስህተት ነው። ግብረ አበር አልገለጽኩም። 'የቁጥሩን ሁለት አባዢዎች' ይባል።»

ስህተት ላይ መፈረም አልችልም፤ በቀይ እስክሪብቶ የኖርኩ ሰው ነኝ። መርማሪው ወረቀቱን ሳበ፣ «ግብረ አበሮቹን» የሚለውን ሰረዘው፣ ከላዩ በእጁ «የቁጥሩን አባዢዎች» ብሎ ጻፈ፣ ከጎኑ ፈረመ። ከዚያ እኔ ፈረምኩ። በዕድሜዬ ካረምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ የምኮራው በዚያኛው ነው።

«ደብዳቤውንስ?» አለኝ ልወጣ ስል።

«ብቻዬን።»

«ብቸኛ» አለና ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አልተፈታሁም። ሁለቱን ጓደኞቼን ግን ማንም አልነካቸውም። የታሪክ መምህርቷ በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ተማሪዎቿ ቆመው አጨበጨቡላት። ሀጂም ወጥተው ሱቃቸው ናቸው። ልብስ ልገዛ ስገባ ጨርቁን ለክተው ከመቁረጣቸው በፊት «ቀሪ አለው?» ብለው ይጠይቁኛል። አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎቼ ፊት አሥራ አንድ አንዶች እጽፋለሁ። መልሱን ሲጠይቁኝ አልነግራቸውም። መጀመሪያ የጣልኩትን ደግሜ እንዳይ ማን እንዳስተማረኝ እነግራቸዋለሁ፤ እስር ቤቱ ከእኔ ያተረፈው ነገር የለም፤ እኔ ግን ይህን ይዤ ወጥቻለሁ።

የቆሼው ሰው ዛሬ ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሱ የቆርቆሮ መጋዘን አለው፤ ፕላስቲክና ብረታ ብረት ይገዛል። በሩ ላይ በትልቁ በነጭ ቀለም 21649 ብሎ አስጽፏል። ደንበኞች «ስልክህ ጎድሏል» ይሉታል። እሱም «ሙሉ ነው» ይላቸዋል።

ባለፈው ሰሞን ሁለቱን ጓደኞቼን ይዣቸው ሄድኩ። ታሪኩን ካወቁ ቆይተዋል፤ ሰውየውን ግን አይተውት አያውቁም። እሱም ስለ እነሱ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም፤ በዚያ ክፍል ውስጥም፣ ከወጣን በኋላም። ከሚለየው ብረት ላይ ቀና ብሎ አየን። እኔን አየ፣ ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን አየ። እጁን በሱሪው ጠረገና ቀስ ብሎ ሳቀ።

«ትንሹ የትኛው ነው?» አለኝ።

እኔ ሳልመልስ፣ እናቱን ያመላልስ የነበረው ጓደኛዬ እጁን አወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ።